የሳሎኑን ዓሣዎች በጤና ማቆየት



በሰው ቤት ስንሠራ ከልጁ፣ ከአዛውንቱ፣ ከምግቡና ከልብሱ ሌላ አንዳንዴ ያልጠበቅነው አደራ ይጨመርብናል፤ ሳሎን ውስጥ የተቀመጠው የዓሣ ገንዳ። ቁጭ ብሎ የሚያስተምረን የለም። «ምግቡ ይኸውልሽ፤ ሲቆሽሽ እጠቢው» ይባላል፣ በቃ። ዓሣው የሞተ ዕለት ግን መጀመሪያ የምንጠየቀው እኛ ነን። «ምን አደረግሽው?» ይሉናል፤ ከደመወዝ እንቆርጣለን የሚሉም አሉ።

እኔ ቤይሩት ስሠራ ለዓመታት የዓሣ ገንዳ ጠብቄአለሁ። የማውቀውን ያወቅሁት ዓሣ የሚሸጠውን ሰውዬ እየጠየቅሁ፣ በምግቡና በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ የተጻፈውን በስልኬ እያስተረጎምኩ፣ ዓሣዎቹንም በየቀኑ እያየሁ ነው። ሥራው ከባድ አይደለም። በቀን ጥቂት ደቂቃ፣ በሳምንት ደግሞ አንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ምክንያቱን ካወቅሽ ማንም ሳይነግርሽ ራስሽ ትመሪዋለሽ።

ገንዳው እንደ ሌላው ዕቃ አይታጠብም

ቤት ስናጸዳ የለመድነው መንገድ አለ፤ ሁሉን ማውጣት፣ በክሎሮክስ መፈተግ፣ እስኪያብረቀርቅ ማጠብ። የዓሣ ገንዳ እንዲህ ከታጠበ ግን ዓሣው ይሞታል።

ዓሣ የሚበላውም፣ የሚተነፍሰውም፣ የሚጸዳዳውም በዚያው ውኃ ውስጥ ነው። ከዓይነ ምድሩ፣ ከትንፋሹና ተርፎ ከሚበሰብሰው ምግብ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። መርዙ በዓይን አይታይም፤ ውኃው ጥርት ብሎ እያለ ሊኖር ይችላል። ይህን መርዝ የሚያጠፉልን በፊልተሩ ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ ይህም ገና መርዝ ነው። ሌላው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትሬት ካልበዛ ዓሣውን አይጎዳም፤ በየሳምንቱ ጥቂት ውኃ ስንቀይርም ይቀንሳል።

የእንጀራ እርሾ ታውቂያለሽ። ሊጥ ስታቦኪ ጥቂት እርሾ ታስቀሪያለሽ። ቡሃቃውን ሙልጭ አድርገሽ አጥበሽ እርሾውን ከደፋሽው የሚቀጥለው ሊጥ በወጉ አይቦካም። በፊልተሩ ስፖንጅ ውስጥ ያለው ቡናማ ነገር ለዓሣው ገንዳ እንደ እርሾ ነው። በቧንቧ ውኃና በሳሙና ሲታጠብ ባክቴሪያዎቹ ያልቃሉ፤ መርዙን የሚያጠፋ ይታጣል፤ ዓሣዎቹም በጥቂት ቀን ውስጥ ይታመማሉ።

አንዲት የማውቃት እህት «ሁሉንም በክሎሮክስ እጠቢ» ተብላ ታዝዛ እንደታዘዘችው አደረገች። በማግስቱ ዓሣዎቹ በሙሉ ሞተው ተገኙ፤ ወቀሳውም በእርሷ ላይ ሆነ። ትእዛዙን ያልሰጠች፣ ምክንያቱንም ያልተነገራት እህት ተወቀሰች። እንዲህ ያለውን አስቀድመን በእርጋታ ማስረዳት እንድንችል ነው ይህን የምጽፍልሽ።

ገንዳው አዲስ ከሆነ ባክቴሪያዎቹ እስኪራቡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። በዚያ ጊዜ ዓሣው ጥቂት፣ ምግቡም ጥቂት መሆን አለበት፤ ውኃውም ቶሎ ቶሎ በጥቂቱ ይቀየራል። በአንድ ቀን ገንዳና ሃያ ዓሣ ተገዝቶ ከመጣ ብዙዎቹ ቢሞቱ የአንቺ ጥፋት አይደለም።

በሳምንት አንድ ጊዜ ውኃ መቀየር

በሳምንት አንድ ቀን ከውኃው አንድ አራተኛ ያህሉን ብቻ ቀይሪ። ገንዳው 40 ሊትር ቢይዝ 10 ሊትር ማለት ነው። እንዲህ አድርጊ፦

1. በዋዜማው ለዓሣ ብቻ የተለየ ባልዲ ላይ የቧንቧ ውኃ ሞልተሽ ክፍል ውስጥ ሳትከድኚ አሳድሪው። ባልዲው ሳሙናም ሆነ ክሎሮክስ ነክቶት የማያውቅ ይሁን።

2. በቧንቧ ውኃ ውስጥ ክሎር አለ፤ ክሎር የዓሣውን መተንፈሻ ያቃጥላል፣ ባክቴሪያዎቹንም ይገድላል። ውኃው አንድ ቀን ሙሉ ተከፍቶ ሲያድር ክሎሩ ይወጣል። በአንዳንድ ከተማ ግን ክሎራሚን የሚባል ሌላ ነገር ይጨመራል፤ እርሱ በማሳደር አይጠፋም። ስለዚህ ዓሣ መሸጫ የሚገኘው የክሎር ማጥፊያ ጠብታ ይሻላል። በአረብኛ «ሙዚል ክሎር» ብትዪ ይገባቸዋል። መጠኑ በጠርሙሱ ላይ ተጽፏል።

3. ፊልተሩንና ማሞቂያውን ከሶኬት ንቀዪ። ማሞቂያው ከተነቀለ በኋላ 15 ደቂቃ ያህል ይቀዝቅዝ። ትኩስ እያለ ከውኃ ከወጣ መስታወቱ ይሰነጠቃል።

4. በቀጭን ጎማ ከሥር፣ ከጠጠሩ መካከል ቆሻሻውን እየሳብሽ ውኃውን ወደ ባልዲ አውጪ። ጎማውን በአፍሽ አትሳቢው። ውኃ ሞልተሽበት አንዱን ጫፍ በጣትሽ ይዘሽ ወደ ታች ስትለቂው ራሱ ይወርዳል።

5. የፊልተሩ ስፖንጅ ከቆሸሸና ውኃ አላሳልፍ ካለ፣ ከገንዳው ባወጣሽው ውኃ ውስጥ አንድ ሁለት ጊዜ ጨምቀሽ መልሺው። ይህም በየሳምንቱ ሳይሆን በወር አንድ ጊዜ ያህል ይበቃል።

6. መስታወቱን ከውስጥ ለዚሁ ብቻ በተለየ ንጹሕ ስፖንጅ አብሺ። አረንጓዴው ነገር አልጌ ነው፤ ዓሣውን አይጎዳም፤ ለዓይን እንዳያስጠላ ብቻ ይጠረጋል።

7. አዲሱን ውኃ ቀስ ብለሽ ጨምሪ። ሙቀቱ ከገንዳው ውኃ ጋር ተቀራራቢ ይሁን። እጅሽን በሁለቱም ውስጥ ነክረሽ ልዩነት ከተሰማሽ ጠብቂ።

8. ሁሉ ካለቀ በኋላ እጅሽን አድርቀሽ ሶኬቱን ሰኪ።

ያወጣሽው ውኃ አይደፋ፤ ለበረንዳው አበባ ጥሩ ማዳበሪያ ነው። መድኃኒት ወይም ጨው የገባበት ከሆነ ግን ለአትክልት አይሆንም።

ምግብ፦ ጥቂት መስጠት ደግነት ነው

የቤት ዓሣ ከረሃብ ይልቅ በጥጋብ ይሞታል። የተረፈው ምግብ ከሥር ይበሰብስና ውኃውን ይመርዘዋል። የትንሽ ዓሣ ሆድ ከዓይኑ እምብዛም አይበልጥም ብለሽ አስቢ። በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጨርሰው የሚበሉትን ያህል ብቻ ስጪ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ የሚንሳፈፍ ወይም የሚሰምጥ ከቀረ በዝቷል፤ አውጪው፣ ነገ ቀንሺ።

አንቺን ባዩ ቁጥር ወደ መስታወቱ ቢሮጡ ርቧቸዋል ማለት አይደለም፤ ምግብ የምትሰጣቸውን ሰው ለምደዋል። ያደጉና ጤነኛ የሆኑ ዓሣዎች በሳምንት አንድ ቀን ቢጾሙ አይጎዱም፤ ይጠቅማቸዋል እንጂ። ረቡዕ ወይም ዓርብ ብታደርጊላቸው አብራችሁ ትጾማላችሁ።

ሁሉም ዓሣ አንድ ዓይነት አይበላም፦

ጎልድፊሽ፣ ያ ብርቱካናማው፣ አትክልትም ይወዳል። ደረቁን እንክብል ምግብ ለአንድ ደቂቃ ያህል ውኃ ውስጥ አርሰሽ ስጪው፤ ደረቁን ከዋጠ ሆዱ ውስጥ ያብጥበታል። በሳምንት አንድ ጊዜ አንዲት አተር ቀቅለሽ፣ ልጣጯን አውልቀሽ፣ ፈጭተሽ ብትሰጪው ሆዱን ያለሰልስለታል። ጨውና ዘይት አይንካት። ጎልድፊሽ በቂ ቦታና ንጹሕ ውኃ ካገኘ ከ10 ዓመት በላይ ይኖራል፤ በትንሽ ክብ ብርጭቆ ውስጥ ግን ዕድሜው ያጥራል።

ቤታ ወይም ፋይተር የሚባለው፣ ክንፉ እንደ ሻሽ የሚዘረጋው፣ ሥጋ በሊ ነው። ለእርሱ የተዘጋጀውን እንክብል ጥቂት ፍሬ ይበላል። ሁለት ወንድ ቤታ በአንድ ገንዳ አይቀመጡም፤ እስከ ሞት ይጣላሉ።

ጋፒና ኒዮን ቴትራ የሚባሉት ትንንሾቹ እንደ ቅጠል ቀጫጭን የሆነውን ምግብ ይበላሉ፤ በጣትሽ ደቀቅ አድርገሽ ስጪያቸው።

ከመስታወቱ ላይ የሚጣበቀው አልጌ በሊ ዓሣ ደግሞ ማታ ማታ የኩሳ ቁራጭ ይወዳል። ቀቀል አድርገሽ አስገቢለትና ጠዋት የተረፈውን አውጪ።

ዳቦ፣ ሩዝ፣ ብስኩት ለማንኛቸውም አይሰጥም። የምግቡን ዕቃ ሁልጊዜ በደረቅ እጅ ክፈቺ፤ እርጥበት ከገባው ይሻግታል። ከምድጃ አጠገብ አታስቀምጪው።

በቤቱ ትንሽ ልጅ ካለ የምግቡን ዕቃ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጪ። ልጆች ዓሣ ማብላት ስለሚወዱ ሙሉውን ይገለብጡታል። ልጁን ከመከልከል ይልቅ የቀኑን ድርሻ በጠርሙስ ክዳን ለክተሽ በእጁ ስጪው፤ እርሱም ይደሰታል፣ ዓሣውም አይጎዳም። ቤተሰቡ ለጉዞ ሲወጣና አንቺም አብረሽ ስትሄጂ፣ ያደጉ ዓሣዎች ሦስት አራት ቀን ያለ ምግብ ይቆያሉ። ከዚያ ለረዘመ ጉዞ የየቀኑን ድርሻ በወረቀት ጠቅልለሽ ለጎረቤት ወይም ለበረኛው ስጪ። ዕቃውን ሙሉ ከሰጠሽው አብዝቶ ይሰጣቸዋል።

ለኛ ጽዳት፣ ለነሱ መርዝ

ለዕለት ሥራችን የምንጠቀምባቸው ነገሮች ለዓሣ አደገኛ ናቸው። የመስታወት ማጽጃ ፈሳሽ ብዙ ጊዜ አሞኒያ አለበት፤ ገንዳውን ከውጭ ስትወለውዪ ፈሳሹን በመስታወቱ ላይ አትርጪ። ጨርቁን በውኃ ብቻ አርሰሽ ወልውዪ። የበረሮና የትንኝ መርዝ ሲረጭ የአየር ፓምፑን አጥፊ፣ ገንዳውን በፎጣ ሸፍኚ፣ ከዚያም መስኮት ከፍተሽ ክፍሉ እስኪናፈስ ጠብቂ። ፓምፑ የክፍሉን አየር ስቦ ውኃ ውስጥ ስለሚያስገባ መርዙንም አብሮ ያስገባል። ቡኹር ሲታጠንም፣ ሽቶ ሲረጭም ከገንዳው ራቅ ይበል። ሎሽን ወይም ሳሙና በነካው እጅ ወደ ውኃው አትግቢ፤ በንጹሕ ውኃ በደንብ ተለቅለቂ።

ሙቀትና መብራት

አብዛኞቹ ትንንሽ ዓሣዎች ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይስማማቸዋል፤ ጎልድፊሽ ግን ቀዝቀዝ ያለ፣ ከ18 እስከ 23 ዲግሪ ይወዳል። ትልቁ ጉዳት የሚመጣው በድንገት ሲሞቅ ወይም ሲቀዘቅዝ ነው። በኩዌት፣ በዱባይና በሪያድ በበጋ የቧንቧው ውኃ ራሱ ይፋጃል፤ በጭራሽ በቀጥታ አትጨምሪው። ባልዲው ኤሲ ባለበት ክፍል ሲያድር ክሎሩም ይወጣል፣ ሙቀቱም ይስተካከላል። ኤሲ ጠፍቶ ገንዳው ከሞቀ በፕላስቲክ ጠርሙስ የቀዘቀዘ በረዶ ሳትከፍቺው አንሳፍፊበት፤ አንዱ ሲቀልጥ ሌላውን፣ ቀስ በቀስ።

ገንዳው የመስኮት ፀሐይ በቀጥታ እንዳይመታው። መብራቱ በቀን 8 ሰዓት ያህል ይበቃል፤ ሌሊት ይጥፋ። ፊልተሩ ግን ሌሊትም አይጠፋም። «ይጮኻል» ተብሎ በየማታው የሚጠፋ ፊልተር ባክቴሪያዎቹን አየር ያሳጣቸዋል።

ሊባኖስ ያለሽ እህቴ መብራት መጥፋት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። የመንግሥቱም፣ ኢሽቲራክ የሚባለው የጄኔሬተሩም መብራት ሲጠፋ ዓሣውን አትመግቢ፤ የሚበላ ዓሣ ብዙ አየር ይፈልጋል። በየተወሰነ ጊዜው ውኃውን በንጹሕ ኩባያ እየቀዳሽ ከከፍታ መልሰሽ አፍስሺው፤ አየር ይገባበታል። መብራቱ ለብዙ ሰዓታት ጠፍቶ ከቆየና ፊልተሩ ከሸተተ፣ ከመክፈትሽ በፊት በገንዳው ውኃ ለቅለቅ አድርጊው፤ ያለዚያ የታፈነውን ቆሻሻ ወደ ዓሣው ይረጨዋል።

ሲታመሙ የሚታዩ ምልክቶች

በየጠዋቱ ምግብ ስትሰጪ አንድ ደቂቃ እያቸው። ቁጠሪያቸው። ጤነኛ ዓሣ ክንፉን ዘርግቶ ይዋኛል፣ ምግብ ሲያይ ይመጣል።

ሁሉም ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ ቢያዛጉ ውኃው አየር አጥሮታል ወይም መርዝ አለበት። ሳትዘገዪ በተዘጋጀ ውኃ አንድ አራተኛውን ቀይሪ፣ ፊልተሩ መሥራቱን እዪ፣ ምግብ ያን ቀን አትስጪ። ቤታ ግን አልፎ አልፎ ወደ ላይ ወጥቶ አየር መዋጡ ተፈጥሮው ነው፤ አትደንግጪ።

በሰውነቱና በክንፉ ላይ እንደ ጨው ፍሬ ያለ ነጭ ነጥብ ከታየ ተላላፊ በሽታ ነው። መድኃኒቱ ዓሣ መሸጫ ይገኛል። ነጥቡ ቢጠፋም በዕቃው ላይ የተጻፈውን ቀን ሙሉ ማድረግ ያስፈልጋል፤ በሽታው ከዓሣው ወርዶ ውኃው ውስጥ ስለሚራባ መድኃኒቱ የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው። በፊልተሩ ውስጥ ጥቁር ከሰል ካለ በሕክምናው ጊዜ ይውጣ፤ መድኃኒቱን ይመጠዋል።

ክንፉና ጅራቱ ተበጣጥሶ ጫፉ ነጭ ከሆነ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የቆሸሸ ውኃ ነው። ለጥቂት ቀናት ውኃውን በጥቂቱ ቶሎ ቶሎ መቀየር ይረዳዋል። ጎልድፊሽ ተገልብጦ ከተንሳፈፈ ደግሞ ሆዱ ደርቆበት ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ቀን አጹሚውና ከዚያ አተሯን ስጪው።

አዲስ ዓሣ ሲመጣ ከነፌስታሉ 20 ደቂቃ ያህል በገንዳው ላይ አንሳፍፊው፤ ከዚያ ዓሣውን ብቻ በመረብ አስገቢ። የፌስታሉ ውኃ በሽታ ሊይዝ ስለሚችል አይግባ።

ለራስሽም አስቢ

ዓሣው ሳይጎዳ አንቺ ብትጎጂ ምን ይጠቅማል? እጅሽን ውኃ ውስጥ ከማስገባትሽ በፊት ሁልጊዜ ሶኬቱን ንቀዪ። የሽቦው መካከል ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፤ ውኃ በሽቦው ላይ ቢወርድ ወደ ሶኬቱ ሳይደርስ መሬት ይንጠባጠባል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ 60 ሊትር የያዘ ገንዳ ከነጠጠሩና ከነመስታወቱ ከ60 ኪሎ በላይ ነው። ውኃ ያለበትን ገንዳ ብቻሽን አታንሺ፤ ወገብሽም መስታወቱም አይችልም። እጅሽ ላይ ቁስል ካለ ጓንት አድርጊ፤ በዓሣ ውኃ ውስጥ ቁስል ውስጥ ገብቶ ለወራት የማይድን እብጠት የሚያመጣ ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። ገንዳ ነክተሽ እንዲህ ያለ እብጠት ከወጣብሽ ለሐኪሙ ዓሣ እንደምትጠብቂ ንገሪው። ከሥራው በኋላ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ።

የባሕር ጨው ውኃ ያለበት ገንዳ ከሆነ ሥራው የተለየ ነው፤ የጨውን መጠን መለካት ይጠይቃል። «ይህ ባለሙያ ይፈልጋል» ብሎ መናገር ነውር የለውም።

ለመዳም ማስረዳት

ትንሽ ደብተር ያዢ። ውኃ የቀየርሽበትን ቀን፣ የዓሣውን ቁጥር፣ ያየሽውን ምልክት ጻፊ። ዓሣ ሲታመም ቶሎ ተናገሪ፤ «ኤል ሰምኬ መሪዳ» በዪ፣ ማለት ዓሣው ታሟል ነው። በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ሲሞት ከገንዳው ቶሎ አውጪው፣ ግን ሳታሳዪ አትጣይው። «በቧንቧ ውኃ ሙሉውን እጠቢ» ስትባዪ «ኤል ማይ ፊያ ክሎር» ብለሽ አስረጂ፤ ውኃው ክሎር አለበት ማለት ነው። ዓሣ ሻጩ የሚለውን መዳም ራሷ በስልክ እንድትሰማ ማድረግም ጥሩ ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ ስለ ዓሣ ሞት ደመወዝሽ ሊቆረጥ ቢባል፣ ደብተርሽንና ፎቶውን ይዘሽ ይህን መጽሔት የሰጡሽን እህቶች አማክሪ። ምንም ነገር ሳይገባሽ አትፈርሚ።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. ላውዳቶ ሲ በተባለው መልእክታቸው ፍጥረትን መንከባከብና ለድሃው ማሰብ የማይለያዩ መሆናቸውን አስተምረዋል። ጎልድፊሽ ከቻይና፣ ቤታ ከታይላንድ፣ ኒዮን ቴትራ ከአማዞን ወንዝ አገር የመጡ ናቸው፤ እነርሱም እንደ እኛ በሰው ቤት፣ በሰው እጅ ነው የሚኖሩት። አደራቸውን በእውቀት ስትጠብቂ የምታደርጊው ሥራ ሙያ ነው፤ ማንም ተራ ነገር ነው ቢልሽ አትቀበዪ።

እግዚአብሔር አንቺንም በምትኖሪበት ቤት ይጠብቅሽ። አሜን።